የሚሸጥ ክትፎ

ባሌ ወጥ ይሠራል። ከእኔ በተሻለ ይሠራል። ይህችን ሁለት መስመር ነገር ሰው ፊት እንዳልናገር ሦስት ዓመት ሙሉ አፌን ተይዤ ስለኖርኩ መጀመሪያ እሷን ልተንፍስ፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የምንኖረው ቡታጅራ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ በተከራየናት ስቱዲዮ። ወጥ ቤቷ ወጥ ቤት ለመባል የበቃችው ቧንቧ ስላላት ነው፤ ቧንቧውም ቢሆን ውኃ የሚያመጣው ደስ ሲለው ነው። ፍሪጁ አልገባ ብሎ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሟል። ጀሪካኖቹ እግራችን ሥር ናቸው። ምድጃው ጋ ያለው ሰው መዞር ሲፈልግ መክተፊያው ጋ ያለው ሰው ሆዱን ይስባል። ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ካጎነበስን ግንባር ለግንባር እንጋጫለን፤ ስንት ጊዜ ተጋጭተን ስንት ጊዜ ስቀናል።

እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ። እዚህ አገር ያመጣኝ መምህርነት ነው፤ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። እሱ ከእንሴኖ ወዲያ ባለ ቀበሌ የተወለደ የመስቃን ልጅ ነው። አሁን አዳዲስ ቤቶች ላይ የኤሌክትሪክ መስመር ይዘረጋል። ከዚያ በፊት ግን ስምንት ዓመት አዲስ አበባ ክትፎ ቤት ሠርቷል። ዕቃ አጣቢ ሆኖ ገብቶ ዋና ከታፊ ሆኖ ወጣ። ማታ ማታ እየተማረ ሙያውን ቢቀይርም እጁ አልተቀየረም። ሽንኩርት ሲከትፍ ዓይኑ ቢላዋው ላይ አይደለም፤ እኔን እያየ ያወራል፣ ቢላዋው የራሱን መንገድ ይሄዳል።

በአባቴ ቤት ወንድ ጓዳ አይገባም ነበር። አባቴ ውኃ ቢጠማው እንኳ ገንቦው ከሱ ሁለት እርምጃ ላይ ሆኖ እኛን ይጠራ ነበር። ስለዚህ በተጋባን በሳምንቱ ይህ ሰው ቢላዋውን ከእጄ ተቀብሎ «ተይው፣ ሽንኩርቱን እያሠቃየሽው ነው» ሲለኝ ደነገጥኩ። ከድንጋጤው በኋላ የመጣውን ስሜት ስም አልሰጠውም፤ የተሰማው ያውቀዋል። እኔ ከትምህርት ቤት ጠመኔ በጠመኔ ሆኜ፣ እሱ ከሥራ ሲሚንቶ ለብሶ እንመጣለን፤ ታጥበን ወጥ ቤቷ ውስጥ እንገባለን። እኔ ምስሩን እለቅማለሁ፣ እሱ ያቁላላል። ማንኪያውን ወደ አፌ ያመጣና «ምን ጎደለው?» ይለኛል። ምንም ሳይጎድለው እንኳ ጨው እላለሁ፤ ይናደዳል። የማረቆ በርበሬ ከቆሼ ገበያ ያስመጣልና ቁሌቱ ሲወጣ ሁለታችንም እያስነጠስን በሩን ከፍተን ኮሪደር ላይ እንወጣለን። እንዲህ እንኖር ነበር። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ እኛን ያቀራረበን የወጥ ቤቷ ጥበት ነው ብል አላጋነንኩም።

የተናደድኩት በመሥራቱ አይደለም። የተናደድኩት በመደበቁ ነው።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነበር። ቅዳሜ ነው። እሱ ሥጋ ገዝቶ መጥቶ ሽርጥ ታጥቆ ይከትፋል፤ እኔ ቅቤውን አቀልጣለሁ። ድንገት ከደረጃው «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አማቴ ናቸው። ቆጮ አሸክመው፣ ሳይደውሉ፣ ሦስት ፎቅ ወጥተው መጡ። ባሌ ፊቱ ነጣ። ቢላዋውን መክተፊያው ላይ ጣለ፣ እጁን በጀሪካን ውኃ ለቅለቅ አደረገ፣ ሽርጡን ከወገቡ ፈቶ ወገቤ ላይ አሰረና ሳሎን ሄዶ ሶፋው ላይ ተዘረጋ። ስልኩንም አነሣ። አማቴ ሲገቡ ሥጋው ፊት የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

ያኔ ሳቄ ነው የመጣው። እውነቱን ልናገር፤ አስቆኝ ነበር። በምልክት እያሳየኝ፣ እሱ ሶፋ ላይ ሆኖ በቅንድቡ «ሚጥሚጣ ጨምሪ»፣ «በቃ» እያለኝ ክትፎውን አዋሕጄ አቀረብኩ። አማቴ ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ።

«ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

አፌን ስከፍት ከሶፋው ላይ መልስ መጣ። «ራሷ ናት እማዬ። ፈጣን እጅ አላት።»

አማቴ እጄን ይዘው መዳፌን ሳሙት። የሰሜን ሴት ክትፎ ስትሠራ ያዩት የመጀመሪያቸው መሆኑን ተናገሩ። እኔም እንደ ሞኝ አንገቴን ደፋሁ። እንግዲህ ውሸት እንዲህ ነው የምትጀምረው፣ ሳቅ ለብሳ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ልማድ ሆነ። ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ሽርጡ ከእሱ ወገብ ወደ እኔ ወገብ ይዘላል። እህቱ ትመጣለች፣ አጎቱ ይመጣሉ፣ አክስቱ ከቡኢ ይመጣሉ፤ እሱ ሶፋ ላይ ነው። በልተው ሲጠግቡ የሚመረቀው የእኔ እጅ ነው። ሲሄዱ ተነሥቶ ዕቃ ያጥባል፣ ያውም እያፏጨ። እኔ ግን እያደር ሳቄ አለቀ። እንግዳ ፊት «ውኃ አምጪልኝ» ይለኝ ጀመር፣ ብቻችንን ስንሆን በሕይወቱ ብሎኝ የማያውቀውን። አንድ ቀን አጎቱ ፊት «ጨው በዝቶበታል» አለኝ። ጨዉን የጨመረው ራሱ ነበር! ራሱ ላበዛው ጨው እኔን ሰው ፊት ተቆጣኝ፤ አጎቱም «ትለምዳለች፣ ገና ልጅ ናት» ብለው ተከላከሉልኝ። የዚያን ቀን ሳህኑን እጭንቅላቱ ላይ ያልደፋሁት ለሳህኑ ብዬ ነው።

የሚገርመው ፎቁ በሙሉ ያውቃል። ከእኛ በታች ያሉት ሴትዮ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አገኙኝና ከሰላምታው በኋላ «ማሻአላህ፣ ባልሽ ሲከትፍ ጣሪያዬ ላይ ዝናብ የጣለ ይመስለኛል፤ አንቺ ስትከትፊ ግን ሰው የሚያንኳኳ ነው የሚመስለኝ» አሉኝ። ለባሌ ነገርኩት። ደንግጦ መክተፊያው ሥር ፎጣ ማንጠፍ ጀመረ። እኔ ስለ ሴትዮዋ ቀልድ ነው የነገርኩት፤ እሱ የሰማው ስለ ድምፁ ነው።

የዛሬ ዓመት፣ መስቀል ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አማቴ ደወሉ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ሁለታችንም ወጥ ቤት ሆነን ሰማን።

«ዘንድሮ የመስቀልን ክትፎ አንቺ ነሽ የምታዋሕጂው» አሉ። «ተነጋግረናል። ሁሉም አንቺን ብሏል።»

ይህ ቀልድ አይደለም። በባሌ ቤተሰብ የመስቀል ዕለት ክትፎ የሚያዋሕደው ሰው የሚመረጥ ነው። የተበተነው ዘመድ ሁሉ ከአዲስ አበባም ከሌላም ተሰብስቦ ይመጣል፤ ሴቶቹ ዓመት ሙሉ ያጠራቀሙት ቅቤ በተመረጠችው ሴት እጅ ይገባል፤ ሥጋው ቢበላሽባት እስከሚቀጥለው መስቀል ይወራባታል። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለቤቱ ታላቅ ታጎርሳለች፣ ሰው ሁሉ ፊት ትመረቃለች። ምራት ሆና ለዚህ የበቃች ሴት በቤታቸው ውስጥ ከዚያ በኋላ እንግዳ አይደለችም። አማቴ ይህን ክብር ለእኔ ሰጡኝ። ለእኔ ማለት፣ ለልጃቸው እጅ።

ስልኩ እንደተዘጋ «ንገራቸው» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«የምሠራው እኔ ነኝ ብለህ ነዋ።»

«ለእናቴ?»

«ለእናትህ! ስምንት ዓመት ሙሉ ስትከትፍ ያውቁ የለ? በዚያ ሥራህ አይደል ቤታቸው ቆርቆሮ የለበሰው? መንደሩ ሁሉ ልጃችን አዲስ አበባ ክትፎ ይሠራል እያለ ሲኮራብህ አልነበረም?»

«እሱ ሥራ ነው።»

«ይሄስ?»

«ይሄ ቤት ነው።»

ደጋግሜ አስቤዋለሁ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ያው ሥጋ፣ ያው ቢላዋ፣ ያው እጅ። ለማያውቀው ሰው ሲሠራ ሙያ፣ ለሚስቱ ሲሠራ ነውር። «ወንድሞቼ ምን ይሉኛል? ሚስቱ ጓዳ አስገባችው ነው የሚሉኝ» አለ። ታዲያ ያስገባሁት እኔ ነኝ? ቢላዋውን የነጠቀኝ እሱ! በዚያች ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ መጣላት ደግሞ ልዩ ነው፤ ጀርባ ልስጥህ ብትል ጀርባህ የሚሄድበት የለም። ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ተጨቃጨቅን። ሽሮው ገንፍሎ ምድጃውን አጠፋው።

«እንግዲህ አልሠራም። አልችልም ብዬ እደውላለሁ» አልኩ።

«አስተምርሻለሁ» አለ።

ሁለት ሳምንት አስተማረኝ። እኔ መምህር ነኝ፤ እንዲህ ያለ ክፉ መምህር ግን አይቼ አላውቅም። ሥጋውን ከጅማቱ መለየት፣ ቢላዋውን ሳይጫኑ መጣል፣ ቅቤው ለብ ሲል ማወቅ። ቢሞቅ ሥጋውን ይቀቅለዋል፣ ቢቀዘቅዝ ይረጋል፤ በጣት ነው የሚለካው። «አትጫኚው!»፣ «ማን አባቱ ነው እንዲህ የሚይዘው!» እያለ ይጮህብኛል። እጄ ውኃ ቋጠረ። የፈተና ወረቀት የማርመው በግራ እጄ ሆነ። መጨረሻ ላይ ግን ገባኝ። አንድ ነገር ደግሞ ወደድኩለት፤ እንግዳ ሲመጣ ሶፋ ላይ ስለሚሆን ሰው ፊት ሠርቷት አያውቅም። ክትፎው የሸክላ ጣባው ላይ ከሆነ በኋላ በማንኪያ ጀርባ ዙሪያውን ይደበድበዋል፣ ክብ አድርጎ ያስተካክለዋል፣ መሐሉን ጎድጎድ አድርጎ እዚያ ላይ ትንሽ ቅቤ ያንጠባጥብና የጣባውን ከንፈር በጨርቅ ይወለውላል። ሲያልቅ ያምራል። እሷን ከሁሉ አስበልጬ ተማርኳት። እሱም «አሁን ሰው ሆንሽ» አለኝ። መስቀል ላይ ለመሥራት ተስማማሁለት። ለምን እንደተስማማሁ ከጠየቃችሁኝ ክብሩን ፈልጌዋለሁ። ያንን ቤት የራሴ ማድረግ አምሮኝ ነበር፤ የእናቴ ቤት ሩቅ ነው።

የመስቀል ዕለት በሬው ታረደ። ወንዶቹ ከደጅ ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል፣ ባሌም እዚያ ነው። እኔ ከጓዳ በሴቶች ተከብቤ ሥጋው ፊት ተቀመጥኩ። አማቴ ቅቤውን በራሳቸው እጅ አምጥተው ሰጡኝ። እጄ አልተሳሳተም። ቢላዋው የሚወድቅበትን አወቀ። ቅቤው በጣቴ ላይ ለብ ሲል አወቅኩት። ሚጥሚጣው፣ ኮረሪማው፣ ጨዉ፣ ሁሉም በልኩ ሆነ። የኮባ ቅጠል በተነጠፈበት ትልቅ ጣባ ላይ ገለበጥኩት። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ። ከደስታዬ የተነሣ ማንኪያውን አነሣሁና በጀርባው ዙሪያውን መደብደብ ጀመርኩ። ክብ አደረግኩት። መሐሉን ጎድጎድ አደረግኩ። ቅቤ አንጠባጠብኩ። የጣባውን ከንፈር በነጠላዬ ጫፍ ወለወልኩ።

የሴቶቹ ዓይን ጣባው ላይ ቀረ።

ከቡኢ የመጡት አክስት፣ ራሳቸው አንድ ዘመን አዲስ አበባ መርካቶ የኖሩ፣ ጎንበስ ብለው ጣባውን አዩና ሳቁ።

«ይሄ የሚሸጥ ክትፎ ነው» አሉ። «ምነው ልጄ፣ ሒሳብ ልትቀበይን ነው?»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ ምኑ እንዳሳቃቸው አልገባኝም ነበር፤ የባሌ እህት ናት ያስረዳችኝ። ለካ ቤት ውስጥ ክትፎ አይደበደብም። እንደወደቀ ነው የሚቀርበው፤ ዙሪያውን የሚያስተካክለውና ጣባውን የሚወለውለው ለደንበኛ ዓይን የሚሠራ የክትፎ ቤት ሰው ብቻ ነው። እኔ ቤት ውስጥ የተሠራ ሌላ ክትፎ እንዴት እንደሚቀርብ ልብ ብዬ ስለማላውቅ የሱን ነው የኔ ያልኩት።

«ባልሽ ነው ያስተማረሽ ማለት ነው!» አሉ አክስቲቱ፤ ክፋት አልነበረበትም። «ጎበዝ፣ ለሚስቱ ሙያውን አወረሳት።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ነገሩ በሳቅ ያልፍ ነበር። አስተማረኝ ማለት ነውር የለውም። አማቴ ግን ዞረው አዩኝ፤ ዓይናቸው ውስጥ ያ የድሮ ኩራት አለ። «እኔ ራሷ ናት ተብዬ ነበር» አሉ። ውሸቱን ከዚያ በላይ መዋጥ አልቻልኩም።

«አላስተማረኝም እማዬ» አልኩ። «ማለቴ፣ አሁን ለዛሬ አስተማረኝ እንጂ እስከ ዛሬ ቤታችን የበላችሁትን ሁሉ የሠራው እሱ ነው። እኔ አይደለሁም።»

አማቴ ተነሥተው ወደ ደጅ ወጡ። ሴቶቹ ተከተሏቸው፣ እኔም ጣባውን ይዤ ተከተልኩ። ወንዶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። አማቴ ልጃቸው ፊት ቆመው «ሚስትህ ክትፎውን የሚሠራው እሱ ነው ትላለች። እውነት ነው?» አሉ።

ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ወንድሞቹን አየ፣ አጎቱን አየ፣ ሳቀ።

«ትቀልዳለች እማዬ» አለ። «ጎጃሞች ቀልድ ይወዳሉ።»

ደጁ በሳቅ ተናጋ። እኔ ጣባውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የቤቱ ታላቅ የሆኑት አጎቱ «ነይ እስቲ፣ አጉርሺኝ» አሉ። አጎረስኳቸው። ምን ላድርግ? ትልቅ ሰው አፉን ከፍቶ እየጠበቀ። አላምጠው ዋጡና እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። «እጅሽ አይድረቅ፣ ማጀትሽ አይጉደል፣ ልጅሽን ዳሪበት» አሉ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። ከሁሉም ጮክ ብሎ አሜን ያለው ባሌ ነበር።

ሳይመሽ ወጣን፤ ራሴን አሞኛል አልኩ። ከእንሴኖ ወደ ቡታጅራ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝን። እኔ መስኮቱ ጋ፣ እሱ አጠገቤ፣ ጭኑ ላይ የቆጮ ፌስታል። ገና እንደተነሣን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አጥፍቻለሁ» አለኝ።

«ምን አልክ?» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው እንዳይሰማ ነው የኖርነው!»

ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ባሌ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ከዚያ ምን እንደነካው አላውቅም፣ «እሺ! ክትፎ የምሠራው እኔ ነኝ! በቃ? ወጡንም የምሠራው እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ።

ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ወንድም፣ ቤቱ የት ጋ ነው? እንምጣ» አለ። ሁሉም ሳቀ። ባሌም ሳቀ። የቀለለው መሰለው። እጄን ሊይዝ ሞከረ።

እኔ በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ተናድጄ አላውቅም። ለተሳፋሪ መናገር ምን ይከብደዋል? ስምንት ዓመት ሙሉ የከተፈው ለማያውቀው ሰው አይደል? እነዚህ ሰዎች ነገ መልኩን አያስታውሱትም። «ወራጅ አለ!» አልኩ። ረዳቱ «እዚህ ሜዳ ላይ?» አለ። «እዚሁ» አልኩት።

ወረድን። መንገዱ ግራና ቀኝ የበርበሬ ማሳ ነው። ሚኒባሱ ጥሎን ሄደ።

«ተመለስና ንገራቸው» አልኩት።

«ነገ ደውዬ ለእናቴ...»

«አሁን።»

«እንግዶቹ እኮ ገና አልሄዱም።»

«ለዚህ ነው አሁን ያልኩህ። ስታሾፍብኝ ነበሩ፣ ሲስቁብኝም ነበሩ።»

ፌስታሉን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ካልሄድኩስ?» አለ። መፎከሩ አልነበረም፣ እውነት ሊያውቅ ፈልጎ ነው።

«የዝውውር ፎርም እሞላለሁ» አልኩት። «አገሬ ትምህርት ቤት አለ። ብቻዬን ሽሮ ሠርቼ እበላለሁ።»

ይህን ስል ለማስፈራራት አልነበረም። ፎርሙ የት ክፍል እንደሚገኝ አስቤ ጨርሼ ነበር። እወደዋለሁ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከወደድኩት ሰው ጋር እየተደበቅኩ ማርጀት ግን አልፈለግኩም። እሱም ገባው መሰለኝ። ወደ እንሴኖ የሚሄድ አንድ መኪና መጣ፤ እጁን አላነሣም። አለፈ። ብዙ ቆመን ሌላ መጣ። ፌስታሉን ሰጠኝና መንገዱን ተሻግሮ እጁን አነሣ።

ቤት ገብቼ ቆጮውን ፍሪጅ ውስጥ ከትቼ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ልብሴን አልቀየርኩም። አሁንም በሱ ተናድጃለሁ፣ በአጎቱ ተናድጃለሁ፣ በእናቱ ደግሞ ከሁሉ በላይ ተናድጃለሁ፤ ወንድ ልጅ እንዲህ አድርጎ የሚያሳድግ ማን ነው እያልኩ። ፀሐይ ልትገባ ስትል ስልኬ ጮኸ። አማቴ ናቸው። ሊረግሙኝ ነው ብዬ፣ እኔም የምመልሰውን አዘጋጅቼ አነሣሁት።

«መጥቶ ነበር» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ሰው ሁሉ እንደተቀመጠ መሐል ቆሞ ተናገረ። ዋሽቻለሁ፣ ሚስቴ እውነቷን ነው አለ። አጎቱ ተቆጥተው ወጡ። ወንድሞቹ ሳቁበት። አልተቀመጠም፣ ቆሞ ነው የጨረሰው። አሁን ወዳንቺ እየመጣ ነው።»

«እሺ እማዬ» አልኩ።

«እስከ ዛሬ እናንተ ቤት የበላሁት፣ ሁሉም የሱ ነው?»

«ሁሉም።»

«ለእኔ ብሎ የሠራው?»

«እርስዎ የሚመጡ ቀን ሥጋውን ራሱ ነው መርጦ የሚገዛው። ሌላ ሰው አያምንም።»

ወንበር ስበው ሲቀመጡ ተሰማኝ።

«እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ለሰው ስሠራ ነው የኖርኩት» አሉ። «ለአባቴ፣ ለባሌ፣ ለእነሱ። ከቤቴ አንድ ሰው ለእኔ ብሎ እሳት አንድዶልኝ ሳላይ ልሞት ነው እል ነበር። ለካ ልጄ ሲያበላኝ ኖሯል። አንቺ ታውቂ ነበር። ለምን አልነገርሽኝም? ባውቅ ኖሮ ቀስ ብዬ ነበር የምበላው።»